መቼ ነው የምትደርሱት?

«መቼ ነው የምትደርሱት?»

ድምፁ የመጣው ከኋላ ወንበር ነው። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አምስታችን ከዳር እስከ ዳር አሥራ ሁለት እርምጃ በማይሞላ መድረክ ላይ፣ የኋላ ጎማቸው ከወለሉ አራት ጣት ከፍ ብሎ በብረት በተያዙ ብስክሌቶች ተቀምጠን ፔዳል እንመታለን። ከጀመርን ሃያ ደቂቃ አልፎናል። ላባችን ከአገጫችን እየተንጠባጠበ ጣውላውን አዥጎርጉሮታል። ሰውየው ግን ምን አጠፋ? እውነትም የትም አልደረስንም።

ዕለቱ ኅዳር 28 ቀን 1999 ዓ.ም. ነበር፤ ከተማው ባሕር ዳር። ቀኑን አውቀን ነው የመረጥነው። ልክ ሃምሳ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 28 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ አራት ኢትዮጵያውያን ብስክሌተኞች አውስትራሊያ ውስጥ ከሜልቦርን ወጣ ብላ በምትገኘው ብሮድሜዶውስ ከዓለም ጋር ተሰልፈው ነበር። አገራችን በኦሊምፒክ ስትሳተፍ የመጀመሪያዋ ነው። ጎዳናው 11 ጊዜ የሚዞር ሲሆን ርቀቱ 187 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ገረመው ደንቦባ 24ኛ ሆነው ጨረሱ፤ ቡድኑ 9ኛ ወጣ። ከዚያ አበበ ቢቂላ በ1952 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሲያሸንፍ የአገሩ ልብ ከሩጫው ጋር ሄደ። ብስክሌቱም ብስክሌተኞቹም ከወሬ ወጡ። ዛሬም ስለ ኦሊምፒክ ሲነሣ ጨዋታው የሚጀመረው ከሮም ነው።

ይህን ታሪክ ይዞልን የመጣው አዘጋጃችን ነው። የሁለተኛ ደረጃ የአማርኛ መምህር ነበር። ከእኛ በዕድሜ ቢበልጥ ስድስት ሰባት ዓመት ነው፤ ሆኖም ግማሾቻችንን ክፍል ውስጥ ስላስተማረን በስሙ ለመጥራት ድፍረቱ አልነበረንም። «ቲቸር» እንለው ነበር። አፉ አያርፍም። ልምምድ ላይ ያወራል፣ ቡና ስንጠጣ ያወራል፣ ብስክሌቱን እየነዳ ወደ ኋላ ዞሮ ያወራል። ከአሮጌ ጋዜጣ ያገኛትን ያቺን የሜልቦርን አንቀጽ ደብተሩ ውስጥ አጣጥፎ ይዟት ይዞር ነበር፤ ልምምድ ሲደክመን እያወጣ ያነብልናል።

ስምንት ነበርን። አምስት ተዋንያን፣ አንድ አዘጋጅ፣ ገመድ የሚስቡ ሁለት የሰፈር ልጆች። ማኅተም አልነበረንም። ማኅተም የሌለው ቡድን ደብዳቤ አይጽፍም፤ ደብዳቤ ያልጻፈ ደግሞ አዳራሽ በነጻ አይሰጠውም። የአዳራሹን ኪራይ የሚሸፍንልን አንድ መሥሪያ ቤት አግኝቻለሁ ብሎ ቲቸር ነገረን። ከየት፣ እንዴት ብለን አልጠየቅንም። ሃያ ዓመት ያልሞላው ሰው ኪራይ ከየት እንደሚከፈል አይጠይቅም።

ባሕር ዳር ያን ጊዜ የብስክሌት ከተማ ነበረች። ባጃጅ ገና አልወረሳትም። ሜዳ ስለሆነች ብስክሌት እግር ነው። ነርሷ፣ ተማሪው፣ ፈረቃ የገባው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ሁሉም በዘንባባው ጥላ ሥር ኪርር እያደረገ ያልፋል። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን በአንድ እጅ ሰብስበው በሌላው መሪውን ይይዛሉ። ስለዚህ ቲቸር ብስክሌትን መድረክ ላይ እናውጣ ሲለን ገና ከመጀመሪያው ያልነው «ማን ከፍሎ ያየዋል? በር ላይ ቆሞ በነጻ ያየው የለም እንዴ?» ነበር።

«ንግግር የለውም» አለ ቲቸር። «አንዲት ቃል የለበትም። ሰውነት ብቻ ነው የሚናገረው።»

ይህኛው ደግሞ የባሰ ነው። የኛ ተመልካች ቲያትር «አየሁ» ይበል እንጂ ቲያትርን የሚያዳምጥ ነው። ቅኔ አዋቂው አያቱ፣ ነገር አዋቂዋ አክስቱ በጆሮ ነው ያሳደጉት። የተዋናዩን ምላስ ይመዝናል፣ ለምላሹ ይስቃል፣ ለተረቱ ያጨበጭባል። አንድ ሰዓት ሙሉ ዝም ብለው ፔዳል የሚመቱ ሰዎችን ተቀምጦ እንዲመለከት መጠየቅ፣ ሠርግ ጠርቶ ምግብ እንደማስሸተት ነው። ፊዚካል ቲያትር የሚባለውን ነገር ከቲቸር በቀር ስሙን የሰማ በመካከላችን አልነበረም። ርዕስ እንኳ ልንስማማበት አልቻልንም፤ በመጨረሻ ማስታወቂያው ላይ አንድ ጎማ ብቻ ሥለን ለጠፍነው።

ሥራው የተጀመረው ከብረቱ ነው። አንድ በያጅ ከቁርጥራጭ ቱቦላሬ አምስት መቆሚያ ሠራልን። የብስክሌቱን የኋላ ጎማ ከመሬት ያነሣና ግራ ቀኝ ይዞ ያቆመዋል። ከሥሩ ጣውላ፣ ከጣውላው ሥር ደግሞ ልጆች ለመኪና ጨዋታ የሚጠቀሙበት ዓይነት ኩሽኔታ አደረግንለት። ሁለቱ ልጆች ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ገመዱን ሲስቡ አንዱ ብስክሌት ወደ ፊት ይወጣል፣ ሌላው ወደ ኋላ ይቀራል። በጣም ኮራንበት። ተቀምጠን ስንነዳው ግን ነገሩ ሁሉ ውሸት ሆነ። አየር ላይ ያለ ጎማ የሚቋቋመው ነገር ስለሌለ እግራችን እንደ ስፌት መኪና ይርገፈገፋል። ክብደት የለውም። ቲቸር ራሱን ይዞ ተቀመጠ።

ያኔ ነው ጋሼ የመጡት።

ጋሼ ከአስፋልቱ ዳር ዋርካ ሥር ብስክሌት የሚጠግኑ ሰው ነበሩ። ዕቃቸው አንድ የጎማ መንፊያ፣ አንድ ጣሳ ማስቲሽ፣ ቀዳዳ የሚፈልጉበት ውሃ የሞላ ሳፋ ነው። የተነፈሰውን ከመነዳሪ ሳፋው ውስጥ ነክረው እያገላበጡ አረፋ የሚወጣበትን ሲያዩ፣ የታመመ ልጅ የሚመረምሩ ይመስላሉ። በደርግ ጊዜ ለአንድ ፋብሪካ ቡድን ይወዳደሩ እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል። እሳቸው ውድድር አይሉትም፤ «ኮርሳ» ነው የሚሉት። የመቆሚያችንን ጉድ ለማየት ልምምድ ቦታችን መጡ። አንዴ ፔዳሉን በእጃቸው አዙረው ሳቁ። ሄዱና ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ሁለት ጣት የሚሰፋ ጠፍር ቆርጠው ተመለሱ። ጠፍሩን ከብረቱ ጫፍ ጫፍ አሥረው በኋላ ጎማው ላይ ወጠሩት። ላስቲክ ላስቲክን ያዘ።

«በል አሁን ንዳ» አሉኝ።

ነዳሁ። ዳገት ነበር። በብረቱ ላይ ሦስት ጥርስ አውጥተውለት ስለነበር ጠፍሩን ባጠበቅነው ቁጥር ዳገቱ ይብሳል። ከሁሉም የገረመን ግን ድምፁ ነው። ጎማው በላስቲኩ ላይ ሲፋተግ እምምም ይላል፤ ስንፈጥን ይቀጥናል፣ ስንዘገይ ይወፍራል። አምስታችን አንድ ላይ ስንነዳ ክፍሉ በነፋስ ተሞላ። ሙዚቃ የሚሠራልን ሰው ስንፈልግ ከርመን ነበር፤ ከዚያ በኋላ ፍለጋውን ተውነው።

ነፋሱን ካገኘን ቀሪው ታሪክ ቀለለ። የጎዳና ብስክሌት ውድድር ከነፋስ ጋር የሚደረግ ትግል ነው። ከፊት ያለው ነፋሱን ይሰብራል፤ ከጀርባው ተጠግቶ የሚሄደው ሲሶ ያህል ጉልበት ይተርፈዋል። ስለዚህ ጠላቶችም ቢሆኑ ተራ ይገባሉ። ገመድ ሳቢዎቹ ልጆች አንዱን ወደ ፊት ሲያወጡት እሱ ጠፍሩን አጥብቆ ይነዳል፣ ሌሎቻችን እናላላለን፤ ድምፁ ራሱ ማን እየከፈለ ማን እየበላ እንደሆነ ይናገራል።

ጣሊያኑን የምትጫወተው ሴት ልጅ ነበረች፤ ከሁላችንም እሷ ስለምትበረታ። በታሪኩ ኤርኮሌ ባልዲኒ ብቻውን ወጥቶ በ5 ሰዓት ከ21 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ አንደኛ የገባው፣ ሁለተኛውን ፈረንሳዊ ሁለት ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት በቀረው ጊዜ ጥሎት ነው። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች ታዲያ አቤት ብለው ነበር፤ የኦሊምፒኩን ፊልም የሚያነሣው መኪና ከፊቱ እየሄደ ከልሎታል ብለው። ባለ ሥልጣኖቹ መኪናው እዚያ የሆነው ፀሐይ እንዲከልልለት በእኛ ፈቃድ ነው ሲሉ ክሱ ተነሣ። ቲቸር ይህችን ሲያነብ ሳቁ አልቆም አለው። ገመድ ከሚስቡት ልጆች አንዱ የመኪና ሥዕል ያለበት ካርቶን ራሱ ላይ ደፍቶ በጣሊያኑ ፊት ፊት እንዲሄድ አደረገ። በሳምንታት ልፋት ካሰናዳነው ሁሉ ሕዝቡ ያጨበጨበለት ያ ካርቶን ነው።

የኔ ችግር ሌላ ነበር። 8ኛው ዙር ላይ እደክማለሁ፤ ጽሑፉ ነው የሚለው። እኔም ደከምኩ። ጥርሴን አፋጨሁ፣ ዓይኔን ጨፈንኩ፣ አቃሰትኩ፣ አንገቴን ሰበርኩ። ጋሼ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያያሉ።

«ምን ሆነህ ነው?» አሉኝ።

«ደክሞኝ ነው ጋሼ። 8ኛው ዙር ላይ ነን።»

«እንዲህ የሆነ ሰውማ 8ኛው ዙር አይደርስም።»

ሁሉም ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «ኮርሳ ላይ ድካም ምስጢር ነው» አሉ። «ጎንህ ያለው ሰው መድከምህን ካወቀ፣ ያቺን ደቂቃ ነው ጥሎህ የሚሄደው። ስለዚህ ሲብስብህ ፊትህን ትፈታለህ። አፍህን ዘግተህ በአፍንጫህ ትተነፍሳለህ። ሳይጠማህ ውሃ ታነሣለህ፤ አንድ እጅ ትርፍ አለኝ ማለት ነው።»

«ታዲያ ጋሼ፣ መድከሙ በምን ይታወቃል?» አለ ቲቸር፤ ደብተሩን አውጥቶ ሊጽፍ።

«በትከሻ። ፊት ይዋሻል፤ ትከሻ መዋሸት አይችልም። እግር ሲያልቅበት ትከሻ ሊያግዘው ይመጣል። ልጅ አዝላ እንደምታባብል ሴት ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ ይላል። ቀጥሎ ጉልበት ወደ ውጭ ይከፈታል። በመጨረሻ ዝም ይላል። ሲያወራ የነበረ ሰው ዝም ሲል አለቀለት፤ ያን ጊዜ ነው የምትሄድበት።»

ቲቸር ሦስቱን ቆጥሮ ጻፈ። ትከሻ፣ ጉልበት፣ ዝምታ።

በበነጋው በቃል አይገባችሁም ብለው ወደ ቤዛዊት ይዘውን ወጡ። ቤዛዊት የጃንሆይ ቤተ መንግሥት ያለበት ኮረብታ ነው፤ ከላይ ሆነው ሲያዩት ዓባይ ከጣና ወጥቶ በዛፉ መካከል ሲሄድ ይታያል። ባሕር ዳር ካላት ዳገት ደኅናው እሱ ነው። በእነዚያ በከባድ የህንድና የቻይና ብስክሌቶች፣ ማርሽ በሌላቸው፣ ሽቅብ ጀመርን። የጋሼ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፤ በመንገዱ ያገኘነውን ሰው ሁሉ ሰላም እንድንል፤ ያውም ድምፃችን ሳይቆራረጥ። «እንደምን ዋላችሁ» የምትለዋ ነገር ምን ያህል ረጅም እንደሆነች ያን ቀን ነው ያወቅሁት። አንዴ ተንፍሰህ «እንደምን» ካልክ በኋላ «ዋላችሁ» የምትልበት አየር ከየት ይመጣል?

ከመንገዱ እኩሌታ ላይ አንዲት እናት ከራሳቸው በላይ የሚቆለል እንጨት አዝለው ሲወርዱ ተገናኘን። ጎንበስ ብለው መሬት መሬቱን ነው የሚያዩት።

«እንደምን ዋሉ እናቴ?» አልኩ፤ እንደምንም።

ቀና ሳይሉ፣ ድምፃቸው ሳይሰበር፣ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደኅና ነኝ ልጄ። እናንተስ ደኅና ናችሁ? ኧረ ቀስ በሉ» ብለው አለፉ።

ጋሼ ብስክሌታቸውን አቁመው እስኪርቁ ድረስ ተመለከቷቸው። «አያችሁ?» አሉ። «ኮርሰኛ ማለት እሳቸው ናቸው።»

ይህን ሁሉ ተምሬ ነው እንግዲህ ኅዳር 28 መድረክ ላይ የወጣሁት። መብራቱ ፊቴ ላይ ሲበራ ሁሉም ከራሴ ጠፋ። ቲያትሩ የሚጀምረው በመቆም ነው። ሜልቦርን ላይ ያልተፈቀደላቸው ሦስት አየርላንዳውያን ከተወዳዳሪዎቹ መሃል ገብተው ተገኝተው እነሱን ለማስወጣት መነሻው ሩብ ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነበርና፣ እኛም ሦስት ደቂቃ ሙሉ አንድ እግራችን መሬት፣ አንዱ ፔዳል ላይ ሆኖ ቆምን። ሦስት ደቂቃ ዝምታ መድረክ ላይ አንድ ጾም ነው። ተመልካቹ መጀመሪያ አሳለ፣ ቀጥሎ ተንሾካሾከ፣ ቀጥሎ «መብራት ሄደባቸው እንዴ?» አለ። እኔ ደንግጬ ገና በ2ኛው ዙር የ8ኛውን ፊት አመጣሁት። ጥርሴን አፋጨሁ። አቃሰትኩ። ሕዝቡ ኮሜዲ መሆኑን ተረዳና ተመቻችቶ ተቀመጠ።

«መቼ ነው የምትደርሱት?» የተባለው ያን ጊዜ ነው።

አዳራሹ በሳቅ ሲናጋ እኔ የምይዝ የምጨብጠው ጠፋኝ። ጣሊያኑ ግን፣ ያቺ ልጅ፣ ፔዳሏን ሳታቆም፣ ድምፁን ሳታቀጥን ሳታወፍር፣ ቀስ ብላ እጇን ሰደደች። ከብስክሌቷ ወገብ ላይ የውሃ ጠርሙሷን አነሣች። ድምፁ ወደመጣበት ፊቷን አዙራ ጠጣች። ፈገግ አለች። ጠርሙሱን መለሰች። ይኸው ነው።

አዳራሹ አጨበጨበ። ከዚያ ቀስ በቀስ ፀጥ ማለት ጀመረ። ፊቷ ያው ነበር፤ አገጯ ላይ የሚንጠለጠለውን ላብ ግን ሁሉም ያያል። ከሸሚዟ ጀርባ ጥቁር ውሃ ወደ ታች እየወረደ ነው። ፊቷ ደኅና ነኝ ይላል፤ ሸሚዟ ሌላ ይናገራል። እኔም አፌን ዘጋሁ። በአፍንጫዬ መተንፈስ ጀመርኩ። የማቃሰቱን ሥራ ተመልካቹ ወሰደልኝ፤ 9ኛው ዙር ላይ ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ አዛውንት ከኔ ጋር አብረው ትንፋሻቸውን ሲይዙ ሰማሁ። ሲያልቅ አንዲት እናት ወደ መድረኩ ቀርበው «ምነው ልጆቼ፣ ለእሷ ብቻ ነው እንዴ ውሃ የተሰጣት?» አሉን። ከተባለልን ሁሉ ያን ያህል የምወደው የለም።

ሁለተኛው ትርኢት ላይ ጠፍሩን አብዝተን አጥብቀን ኖሮ፣ 10ኛው ዙር ላይ ላስቲኩ መጨስ ጀመረ። አዳራሹ በጎማ ሽታ ታፈነ። «ገመድ ተቃጠለ!» ብሎ አንዱ ሲጮህ ግማሹ ሰው ብድግ አለ። ጋሼ ከጥጋቸው ተነሥተው «ጎማ ነው! ቁጭ በሉ!» ብለው አምባረቁ። በዚያ ቲያትር ውስጥ መድረኩ አካባቢ የተነገረው ንግግር ያ ብቻ ነው። ሕዝቡም ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ የሚመጣው ተመልካች ሽታውን እየጠበቀ እንደሚመጣ ሰማን።

መግቢያው 5 ብር ነበር። አንዳንድ ቀን አዳራሹ እኩሌታው ይሞላል፤ አንዳንድ ቀን ከመድረክ ሆነን የተመልካቹን ቁጥር በቀላሉ እንቆጥራለን። ቲቸር ከመብራቱ ማብሪያ ማጥፊያ አጠገብ ቆሞ ነው የሚያየን። አምስተኛው ትርኢት ላይ ይመስለኛል፣ ተራዬን ጨርሼ ገመዱ ወደ መጋረጃው ጥግ ሲስበኝ ጋሼ አጠገቤ ነበሩ። መድረኩን አልነበረም የሚያዩት። ቀስ ብለው «ያ ልጅ ትከሻው ሄዷል» አሉ።

እኔ ከፊት ያለውን ጓደኛዬን መሰሉኝ። ትርኢቱ እንዳለቀ ሄጄ «ትከሻህን ጠብቅ፤ ጋሼ አይተውብሃል» አልኩት። እሱም አመስግኖኝ በበነጋው መስታወት ፊት ተለማመደ።

ከስድስተኛው በኋላ ቲቸር ከእኛ ጋር ማኪያቶ መጠጣት ተወ። ጾም ነው አለ፤ ማኪያቶው ወተት አለበትና አመንን። ብስክሌቱ መድረክ ላይ ካሉት አምስቱ አንዱ ስለሆነ በእግሩ ነበር የሚሄደው፤ ለጤና ጥሩ ነው አለ፤ አመንን። ከሁሉ በላይ ማውራቱን ቀነሰ። እኛ ይህንን እንደ ብስለት ቆጠርነው፤ አዘጋጅ ሲባል እንዲህ ኮስተር ማለት አለበት ብለን እርስ በርሳችን ተነጋገርን። ሰባተኛው ትርኢት ሲያልቅ መብራቱን አጥፍቶ «ለዛሬ ይበቃናል» አለ። ለዛሬ ነው ያለው። ስምንተኛ አልነበረም።

በክረምቱ፣ ሐምሌ ላይ፣ ሁለት ሆነን ወደ ቤቱ ሄድን። እሱ ለክረምት ትምህርት ወጥቶ ነበር። መቆሚያዎቹ እሱ ቤት እንዳሉ ስለምናውቅ ለቁራሌው ሸጠን ብሩን እንካፈላለን ብለን ነው። እናቱ በሩን ከፍተው «የቲያትሩ ልጆች! ግቡ፣ ግቡ፣ ዝናብ አይምታችሁ» አሉን። ገባን። ውስጥም ይዘንባል። ጣራው በሦስት ቦታ ያፈሳል፤ ሳፋ፣ ድስት፣ የቀለም ጣሳ በየሥሩ ተደርድሯል፤ እያንዳንዱ በየራሱ ድምፅ ጠብ ይላል። ግድግዳው ላይ የኛ ጎማ ያለበት ማስታወቂያ ተለጥፏል።

«ዘንድሮ ቆርቆሮውን ሊቀይርልኝ ነበር» አሉ ቡና እያቀራረቡ፤ እንደ ቀላል ነገር። «እቁቡ ደርሶት ነበር። እናንተ ዘንድ ለሥራው አዋለው። ግድ የለም፤ መሥሪያ ቤቱ ሲከፍላችሁ ይመለሳል ብሎኛል። እንዲያው መቼ ነው የሚከፍሏችሁ?»

ጓደኛዬ ወደ እኔ አየ። እኔ ወደ መሬት አየሁ። መሥሪያ ቤት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ኖሮ ከሆነም ቃሉን በልቷል። ዓይኔ ያረፈው ከጥግ ላይ ነው። አምስቱ መቆሚያዎቻችን በሁለት ረድፍ ቆመው፣ በላያቸው ጣውላ ተዘርግቶ፣ በጣውላው ላይ የጤፍ ጆንያ ተቀምጧል። እርጥብ ወለል እንዳይነካው። ከመሬት አራት ጣት ከፍ ብሎ።

ቡናችንን ጠጥተን፣ ሦስተኛውን ጨርሰን፣ ምንም ሳንይዝ ወጣን። «ለምን መጣችሁ ብዬ ሳልጠይቃችሁ!» አሉ እናቱ በር ላይ። «ሰላም ልንላችሁ ነው» አልን። ድምፃችን አልተቆራረጠም። ቤዛዊት ላይ የተለማመድነው ሰላምታ የጠቀመን ያን ቀን ነው።

ከዚያ በኋላ በየፊናችን ሄድን። ጋሼ አርፈዋል። ዋርካው አለ፤ ሥሩ አሁን ባጃጅ የሚታጠብበት ነው። እኔ አዲስ አበባ ገብቼ ለቲያትር ጆሮ ብቻ ሆኜ ቀረሁ፤ ትኬት ቆርጬ የማዳምጥ። የብስክሌት ውድድር ግን በቴሌቪዥን ሲተላለፍ አይቼ አልጠግብም። ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ቱር ደ ፍራንስን የጀመረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሲሆን አምሽቼ ተመልክቻለሁ። ሰኔ 24 ቀን 2016 ደግሞ የአስመራው ልጅ ቢንያም ግርማይ ቱሪን ላይ ሁሉንም ቀድሞ ሲገባ፣ የሠፈሩ ሰው እስኪሰማኝ ጮኼያለሁ። ነገር ግን ከአሸናፊው በላይ ዓይኔ የሚሄደው፣ ነፋሱን ሲሰብር ቆይቶ ከመጨረሻው በፊት ከመስመር ወደ ጎን የሚወጣው ላይ ነው። ካሜራው ቶሎ ስለሚተወው ትከሻውን ለማየት ፈጣን መሆን ያስፈልጋል። መደበቅን አሳምረን ተምረን ነበር። ማንበቡን ግን የተማርነው ጋሼ ብቻ እንዲያነቡልን ነው፤ ሲያነቡልንም ገጹን ተሳሳትን።

ከቲቸር ጋር በየዓመት በዓሉ እንደዋወላለን። ሌላ ከተማ ነው የሚያስተምረው። ቆርቆሮው ከጊዜ በኋላ ተቀይሯል፤ ማን እንደቀየረው እሱ አይጠይቅም፣ እኛም አናወራም። «ደኅና ነህ?» እለዋለሁ። «ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል። ድምፁ እንደዚያች እንጨት ተሸካሚ እናት ነው፤ አይሰበርም። ስልክ ትከሻ አያሳይም፤ ጉልበትም አያሳይም። ሦስተኛውን ምልክት ግን ያሳያል።

ባለፈው የትንሣኤ ዕለት ስናወራ፣ ስለ ተማሪዎቹ እያወራኝ መሃል ላይ ዝም አለ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። አልተቋረጠም። ይተነፍሳል፤ በአፍንጫው።

«ቲቸር፣ እኔ ነገ ወደዚያ እመጣለሁ» አልኩት።

«ኧረ ምን ሆነህ? ለምን ትለፋለህ? ደኅና ነኝ እኮ።»

«አውቃለሁ። እመጣለሁ።»

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ እንደ ድሮው ዓይነት ሳቅ ከሩቅ ሲመጣ ሰማሁት።

«መቼ ነው የምትደርሰው?» አለኝ።